ንግሥት ናታልያና አንድ ልጇ

ባልና ሚስት ሲፋቱ ከብቱን በቍጥር፥ መሬቱን በገመድ፥ የቤቱን ዕቃ በሽማግሌ ዳኝነት መካፈል ይቻላል። ልጅ ግን በቍጥርም በገመድም አይከፈልም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ስንወጣ፥ በዕድሜ እኩያዬ የሆነና ከብዙ ዘመን ጀምሮ የማውቀው አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ያዘኝና አንድ ነገር አጫወተኝ። ሚስቱን ከፈታ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከእርሷ የወለደው ልጅ አድጎ፥ ተምሮ፥ ሥራ ይዟል። በዚያ ዕለት ጧት ልጁ በደጀ ሰላሙ በኩል ሲገባ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ልጁም እንግዳ ሰው እንደሚያልፍ አድርጎ አለፈው። ሰውዬው ይህን ከነገረኝ በኋላ «መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሰው ሁሉ የሚመልሰውን፥ ታገሥ፥ ጸልይ፥ ጊዜ ያመጣዋል የሚለውን መለስሁለት። ነገር ግን መልሴ እንዳልበቃው ከፊቱ አየሁ፤ እኔንም አልበቃኝም።

ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ፤ የሰርቢያ ንግሥት የናታልያ ታሪክ ነው። ሕዝቡ እንደ እኛ ኦርቶዶክሳዊ ተብሎ የሚጠራ፥ ቍርባንና ተክሊል የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ለአንባቢዎቻችን ባዕድ አይሆንም። የምጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ታሪኩን ከባልየው መዠመር ይገባል፤ እርሱም ራሱ የተፋቱ ሰዎች ልጅ ነበርና። ሚላን ኦብሬኖቪች በ1854 በሞልዳቪያ ተወለደ። አባቱና እናቱ ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ተለያዩ፤ አባቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ፤ እናቱ ደግሞ በሩማንያ ገዢ በኵዛ ቤት ትኖር ስለ ነበር ልጅዋን አላሳደገችም። የአባቱ ዘመድ የሰርቢያው መስፍን ሚካኤል ልጅ ስላልነበረው ይህን ሕፃን ወሰደና እንዲማር ወደ ፓሪስ ሰደደው። በ1868 መስፍን ሚካኤል በሰው እጅ ሲገደል፥ የ13 ዓመቱን ሚላንን ከትምህርት ቤት አምጥተው በአልጋ አስቀመጡት። እንግዲህ ይህ ሰው አባትና እናት በአንድ ገበታ ሲቀመጡ አይቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው በኋላ ያደረገውን ለማቅለል አይደለም። ነገር ግን ቤት እንዴት እንደሚያዝ ያላየ ሰው ቤት ሲያፈርስ ድምፁን አይሰማውም።

ናታልያ ኬሽኮ በ1859 በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች። አባቷ በመስኮብ ጦር ውስጥ የኮሎኔል ማዕርግ የነበረው የቤሳራቢያ ባለርስት ነው። በ1875 በቤልግሬድ ከሚላን ጋር ተጋቡ፤ እርሱ 21፥ እርሷ 16 ዓመታቸው ነበረ። በመልኳ የታወቀች ስለ ነበረች ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበላት። በነሐሴ 1876 እስክንድር ተወለደ። በ1878 የተወለደው ሁለተኛ ልጅ ግን ከጥቂት ቀን በላይ ሳይቆይ ስለ ሞተ፥ ለሁለቱም ያላቸው ልጅ ይህ እስክንድር ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1882 ሰርቢያ መንግሥት ተብላ ሚላን ንጉሥ፥ ናታልያ ንግሥት ተባሉ።

የጠባቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉን መዘርዘር አንባቢን ማድከም ይሆናል። ንጉሡ ከሌሎች ሴቶች ጋር የሚያደርገው ነገር በከተማው ሁሉ የተገለጠ ነበረ። ንግሥቲቱም ትዕቢት ነበራት፤ የበደሏትን የማትረሳ፥ ይቅርታንም በቶሎ የማትሰጥ ሴት ነበረች። በዚህ ላይ ንጉሡ ከነምሳ መንግሥት ጋር ሲተሳሰር፥ እርሷ የአባቷን አገር የመስኮብን ወገን ትደግፍ ነበር፤ ስለዚህ በመኝታ ቤት የተዠመረው ጠብ ወደ አደባባይ ወጥቶ የሁለት ወገን ፖለቲካ ሆነ። በ1885 ሚላን ከቡልጋሪያ ጋር ተዋግቶ በስሊቭኒትሳ ድል ከሆነ በኋላ ክብሩ በሕዝቡ ዘንድ ወደቀ። በ1887 ንግሥቲቱ ልጅዋን ይዛ ከአገር ወጣች።

ከዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የታሪኩ ሥር ከዚህ ነውና። በ1888 ክረምት ናታልያ ከልጅዋ ጋር በጀርመን አገር በቪስባደን ከተማ፥ ቪላ ክሌመንቲን በሚባል ቤት ተቀምጣ ነበር። ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሞ አለ፤ አሁን ጸሐፊዎች የሚሰበሰቡበት የሥነ ጽሑፍ ቤት ሆኗል። ንጉሡ ልጁ አልጋ ወራሽ ነውና በአገሩ ማደግ ይገባዋል ብሎ ጀነራል ፕሮቲችን ላከ። ንግሥቲቱ አልሰጥም አለች። ሚላንም ለጀርመን መንግሥት አመለከተ፤ የጀርመንም መንግሥት የአባትየው ሥልጣን ይበልጣል ብሎ ፈረደ። ሐምሌ 13 ቀን ፖሊሶች ወደ ቤቱ መጥተው ልጁን ከእናቱ እጅ ተቀበሉ። እስክንድር ያን ጊዜ 12 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ከጀነራሉ ጋር በምድር ባቡር ወደ ቤልግሬድ ተወሰደ፤ ንግሥቲቱም ከጀርመን አገር እንድትወጣ ተደረገ። የኤውሮጳ ጋዜጦች ነገሩን ለብዙ ቀን አወሩት፤ የሚበዙትም ለእናቲቱ አዘኑ።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ትዝ ይለዋል። ሰይፍ በመጣ ጊዜ እውነተኛዪቱ እናት ልጁ እንዳይቈረጥ ብላ ለቀቀች፤ ሐሰተኛዪቱ ግን ይቈረጥ አለች። በቪስባደን ግን ሐሰተኛ አልነበረም። አባትየው እውነተኛ አባት፥ እናቲቱም እውነተኛ እናት ናቸው፤ ሁለቱም ይወዱት ነበር ለማለት እደፍራለሁ። ከሁለቱ የለቀቀ ግን አልተገኘም። ንግሥቲቱ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ያዘች፤ ንጉሡም የባዕድ መንግሥት ፖሊስ እስኪልክ ድረስ ጐተተ። ልጁም በመካከል ቆሞ አየ። እኛ ያን ቀን ስንጽፍ ስለ ንግሥቲቱ ዕንባ እንጽፋለን፤ ሕፃኑ ግን ከዚያ የተማረው ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ እርሱም በዓለም ላይ ነገር የሚያልቀው በብዙ ኀይል በጐተተ ሰው እጅ መሆኑን ነው። ይህን ትምህርት በኋላ እንዴት እንደ ሠራበት ወደ ፊት እናያለን።

አሁን ስለ ፍቺው። ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ክፍል ልብ ብለው ቢያነቡት እወዳለሁ። ጉዳዩ በመዠመሪያ በቤተ ክርስቲያን የፍርድ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ነበር። ንግሥቲቱም ፍቺውን አልቀበልም፥ ቀርቤ ልሰማ፥ ጥፋቴ ይነገረኝ ብላ ተከራከረች። ዳኝነቱ ቢረዝምበት ንጉሡ ትዕግሥቱን ጨርሶ ጉዳዩን ከጉባኤው አስወጣና ለሊቀ ጳጳሱ ለቴዎዶስዮስ አቀረበ። እርሳቸውም በጥቅምት 1888 በራሳቸው ሥልጣን ብቻ፥ ያለ ጉባኤና ያለ ምስክር፥ ጋብቻው ፈርሷል ብለው ጻፉ። እኚህ ሊቀ ጳጳስ በመንበሩ የተቀመጡት ንጉሡ በ1881 ሊቀ ጳጳስ ሚካኤልን ከሥልጣን ካወረደ በኋላ እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል፤ ስለዚህ ንጉሡ የጠየቀውን እምቢ ለማለት የሚቆሙበት መሬት ጠባብ ነበረ። በእኛ አገር በቍርባን የተጋባን ማፋታት ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። የፍርድ ጉባኤ የሚቀመጠውና ምስክር የሚሰማው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ነገር ለመመዘን ብቻ አይደለም። ነገሩ ሲመዘን ቍጣ ይበርዳል፤ የልጁም ነገር በዚያው ይታያል፤ የተረታውም ወገን ቢያንስ ተሰምቼ ተረታሁ ለማለት ይችላል። በቤልግሬድ ያ ሁሉ በአንድ ብዕር ታለፈ። ናታልያ እስከ ብዙ ዓመት ድረስ ያንን ወረቀት ፍቺ ነው ብላ አልተቀበለችም፤ ልትቀበልም የሚገባት አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። መጋቢት 6 ቀን 1889 ሚላን በድንገት አልጋውን ለ12 ዓመቱ ልጁ ለቀቀ። (ይህ ዕለት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የቈሰሉበት ሊደርስ ሦስት ቀን ብቻ የቀረው ነበር፤ በዚያ ሳምንት በዓለም ስንት አልጋ እንደ ተናወጠ ያስደንቃል።) ዮቫን ሪስቲች የሚባለው ሽማግሌ መኰንን ከሁለት ጀነራሎች ጋር የአልጋው ሞግዚት ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ልጁን ከቪስባደን ያመጣው ፕሮቲች ነበረ። በዚያው ዓመት ክረምት እስክንድር በዢቻ ገዳም ቅብዐ መንግሥት ተቀባ፤ የቀቡትም ወደ መንበራቸው የተመለሱት ሊቀ ጳጳስ ሚካኤል ናቸው። እናቱ በዚያ አልነበረችም።

እናቱ በመስከረም 1889 ወደ ቤልግሬድ ተመለሰች። ሕዝቡ በመንገድ ወጥቶ ተቀበላት፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ዘጋባት። በከተማው ውስጥ እንደ ማንኛውም ባለቤት በግል ቤት ተቀመጠች፤ ልጅዋ ያለበት ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም። መቼ እንደምታየው፥ ምን ያህልም ጊዜ እንደምታየው የሚወስኑት ሞግዚቶቹ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፥ ያን ዐጸድ ሥር ያገኘሁትን ሰው ያስታወሰኝ ይህ ክፍል ነው። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ናፍቆቱ ሌላ ነው። በአንድ ከተማ፥ በአንድ ቅዳሴ፥ በአንድ መንገድ ላይ ያለና የማይያዝ ልጅ ግን ናፍቆቱ በየቀኑ እንደ አዲስ ይዠምራል።

ሚላንም ናታልያም ከአገሩ ቅርብ ሆነው በጋዜጣና በወዳጆቻቸው በኩል ስለሚጣሉ፥ መንግሥቱ ሁለቱንም ለማራቅ ቈረጠ። አባትየው ገንዘብ ተቀብሎ ለመውጣት ተስማማ፤ ቈይቶም የሰርቢያ ዜግነቱን እስከ መተው ደረሰ። እናቲቱ ግን ምንም ቢሰጧት አልወጣም አለች። በግንቦት 1891 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በወሰነው መሠረት ፖሊሶች በሠረገላ አድርገው ሊወስዷት ሲነሡ ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች መንገዱን ዘግተው ሠረገላውን ወደ ኋላ መለሱት። ግርግር ሆነ፤ ተኵስ ተተኰሰ፤ ደምም ፈሰሰ። በማግሥቱ ገና ሲነጋ ወታደሮች መጥተው በምድር ባቡር ከአገር አስወጧት። ይህ ሁሉ የተደረገው በንጉሡ በእስክንድር ስም ነው። ንጉሡ 14 ዓመቱ ነበር፤ ፈርሞ ያዘዘው ነገር አልነበረም። ነገር ግን እናቱን ያባረረው ማኅተም የእርሱ ስም የተቀረጸበት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከመጻሕፍት ይልቅ ነፍስ አባቶች ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ ጊዜ ይስቃል። በጥር 1893 ሚላንና ናታልያ በፈረንሳይ አገር በቢያሪትስ ተገናኝተው ታረቁ። በዚያው ዓመት ሊቀ ጳጳስ ሚካኤልና ጉባኤያቸው የ1888ቱን ፍቺ ሻሩት። አምስት ዓመት ሙሉ ኤውሮጳን ያነጋገረው ነገር እንዳልነበረ ተቈጠረ። የተሻረው ግን ወረቀቱ ነው። ብዙ ሰዎች አባትና እናት ሲታረቁ የልጁም ነገር አብሮ የታረቀ ይመስላቸዋል፤ እነርሱ ሲጣሉ ልጁ የተማረውን ነገር ማንም ከእርሱ ላይ አይሽርለትም። ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 1893 እስክንድር ሞግዚቶቹን እራት ጋበዘና በገበታ ላይ ሳሉ አስያዛቸው፤ ዕድሜዬ ሞልቷል፥ ከእንግዲህ የምነግሠው እኔ ነኝ አለ። ዕድሜው ግን 16 ነበረ፤ በሕጉ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። የሚያውቁት ሰዎች እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛና ዝምተኛ ልጅ ይህን ማድረጉ አስደነቃቸው። እኔን አያስደንቀኝም። በቪስባደን የታየው ትምህርት ሥራውን ዠምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት የጸጥታ ዓመታት አሉ። ናታልያ በቢያሪትስ ባሕር ዳር ቤት ሠርታ ነበር፤ ስሙንም ሳሺኖ አለችው። ሳሻ በስላቮች ቋንቋ የእስክንድር የቍልምጫ ስም ነው፤ ሳሺኖ ማለትም የሳሻ ማለት ነው። በሞግዚቶች ፈቃድ ልጅዋን ለማየት ደጅ የጠናች እናት፥ በሰው አገር የራሷን ቤት የልጅዋ ቤት ብላ ጠራችው። እስክንድር እናቱን ሊጐበኝ ወደዚያ ይመጣ ነበር፤ እርሷም በ1895 ወደ ቤልግሬድ ተመልሳ በክብር ተቀበሏት። ያን ዘመን ሲያይ ሰው ነገሩ የተፈጸመ፥ እናትም ልጅዋን ያገኘች ይመስለዋል።

በሳሺኖ ግን ድራጋ ማሺን የምትባል ደንገጡር ነበረች። የአንድ መሐንዲስ ሚስት ነበረች፤ ባልዋ ሲሞት ንግሥቲቱ ወደ ቤቷ አስገብታ አኖረቻት። ከእስክንድር ዐሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ ልጅም አልነበራትም። ወጣቱ ንጉሥ በእናቱ ቤት እርሷን ወደዳት። ንግሥቲቱ ነገሩን ባወቀች ጊዜ ድራጋን ከቤቷ አስወጣቻት፤ ድራጋም ወደ ቤልግሬድ ሄደች፤ ንጉሡም በዚያ አገኛት። በእናቱ ቤት አጥር ውስጥ ሆኖ ሊመክንና ሊረሳ ይችል የነበረው ነገር ከአጥር ውጭ ወጥቶ ሥር ሰደደ።

በነገሩ ላይ ጸሐፊዎች ሁለት ናቸው። የሚበዙት ድራጋን ይከሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ንጉሡን ደካማ ይሉታል። እኔ ግን አንድ ነገር እታዘባለሁ። እስክንድር ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የወደደው ሰው ሁሉ ሌላውን እንዲጠላ ይጠይቀው ነበር። አባቱን ቢወድ እናቱን መክዳት ሆነበት፤ እናቱን ቢወድ አባቱን መግፋት ሆነበት። ድራጋ ከሁለቱም ወገን ያልሆነች፥ በዕድሜ እናት ልትመስለው የምትችል ሴት ነበረች። እርሷን የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ልብን አይመረምርም የሚል ቢኖር እቀበለዋለሁ።

በ1900 ክረምት አባቱ ሚላን የሰርቢያ ጦር አዛዥ ነበረ። ለልጁ ከጀርመን መሳፍንት ወገን ሚስት እንድትመጣለት እያሰበ ለጤናው ካርልስባድ ወደሚባለው ፍል ውኃ ሄዶ ሳለ፥ እስክንድር ድራጋን ላገባ ነው ብሎ ዐወጀ። ሚኒስትሮቹ ሥራቸውን ለቀቁ። አባቱ የጦር አዛዥነቱን ትቶ ተቈጣ፤ ልጁም አባቱ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለው። እናቱም አጥብቃ ተቃወመች፤ የጻፈችውና የተናገረችው ቃል ከባድ ስለ ነበረ ወሬው በቤልግሬድ ተሰማ፤ ልጁም በእናቱ ላይ የአገሩን በር ዘጋባት። ነሐሴ 5 ቀን ሠርጉ ሲሆን የመስኮብ ንጉሥ ኒቆላዎስ በወኪሉ በኩል የክብር ሚዜ ሆነ፤ ከአባትና ከእናት ግን አንዱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ዐይን ለዐይን አልተያዩም። ሚላን በየካቲት 1901 በ46 ዓመቱ በቪየና ሞተ።

እንግዲህ ያ ወዳጄ የጠየቀኝ ነገር በእውነት ከዚህ ላይ ነው። እኔም ይህን ታሪክ በሌላ ቀን ባጫወትሁት ጊዜ፥ ስለ ንጉሥና ስለ መንግሥት አንድም ሳይጠይቀኝ፥ «ከሠርጉ በኋላስ ምን አደረገች? ላከችበት ወይስ ዝም አለች?» አለኝ። ዝም ማለቷን ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ቈየና «እኔም ዝም ብያለሁ፤ እርሱ ነው መምጣት ያለበት እያልሁ» አለ።

ስለዚህ ዝምታ ናታልያን ለመፍረድ ብዕሬ ይከብደዋል። ስለ ልጅዋ ከአገር የተባረረች፥ ክብሯ በጋዜጣ የተዘራ፥ በቤቷ ባኖረቻት ሴት የተተካች እናት ናት። ስለ ድራጋም የተናገረችው ሁሉ ሐሰት ነበረ አልልም። ነገር ግን በዚያ በ1900 ክረምት ለልጅዋ ያቀረበችለት ነገር፥ በ1888 አባቱና እርሷ ካቀረቡለት ነገር የተለየ አልነበረም፤ ወይ እርሷን ወይ እኔን ነው። ልጁ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሕፃንነቱ ስለ ጠገበ፥ ያ ጥያቄ በመጣ ቍጥር ጠያቂውን ማራቅ ለምዶ ነበር። ሞግዚቶቹን አራቀ፥ አባቱን አራቀ፥ እናቱን አራቀ። ያላራቃት ያልጠየቀችውን ብቻ ነው። ሳሺኖ ተብሎ የተጠራው ቤት በልጅየው ስም እንደ ተጠራ ቢኖርም፥ ልጁ ከሚስቱ ጋር ሊገባበት አይችልም ነበር። ለወዳጄ ይህን ስነግረው አልተቈጣም፤ ልጁ ሚስት ማግባቱን የሰማው ከሰው እንደ ሆነ ብቻ ነገረኝ።

በ1902 ናታልያ ወደ ሮማ ካቶሊክ ሃይማኖት ገባች። ለኦርቶዶክሳዊ ጸሐፊ ይህን መጻፍ ደስ አያሰኝም። ነገር ግን ቀርቤ ልሰማ ብላ የጮኸችበት ፍርድ በአንድ ብዕር የተዘጋባት መሆኑን የጻፍሁ እኔ ስለ ሆንሁ፥ ከዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልወቅሳት አልችልም።

ሰኔ 11 ቀን 1903 ሌሊት መኰንኖች ቤተ መንግሥቱን ሰብረው ገቡ። እስክንድርና ድራጋ ከመኝታ ቤታቸው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተሸሽገው ለብዙ ጊዜ ሲፈለጉ ቈዩ፤ በመጨረሻም ተገኝተው ተገደሉ፤ ገላቸውም በመስኮት ተጣለ። እርሱ ገና 27 ዓመት አልሞላውም ነበር። ልጅ ስላልነበረው የኦብሬኖቪች ወገን አልጋ በዚያች ሌሊት አበቃ፤ ከካራጆርጄቪች ወገን ጴጥሮስ ነገሠ። በፈረንሳይ የነበረችው እናቱ በዚያን ጊዜ 44 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በቍጣ የተቈረጠው ነገር፥ ለመቀጠል ጊዜ አለ ተብሎ የተተወው ነገር፥ እንደ ተቈረጠ ቀረ።

የልጅዋ ወራሽ እርሷ ሆነች። የኦብሬኖቪች ቤት ሀብት፥ መሬቱም ሌላውም፥ ሁሉ ወደ እናቲቱ መጣ። እርሷም ለራሷ አላስቀረችውም፤ ለቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲና በሰርቢያ ላሉ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ሰጠችው። ልብ በሉ፤ ሁለት ጊዜ ላባረራት አገር፥ ሃይማኖቷንም ትታ ለወጣችባት ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ነው። በሕይወቱ ሳለ ልትልክለት ያልቻለችውን ነገር ከሞተ በኋላ በዚህ መንገድ የላከችለት ይመስለኛል። የሚያሳዝነው የሚቀበለው ሌላ መሆኑ ነው። ሳሺኖም ተሸጠ። እርሷ ከልጅዋ በኋላ 38 ዓመት ያህል ቈየች፤ የኖረችውም በጸጥታ፥ በጸሎትና በምጽዋት እንደ መነኵሲት ሆና ነው። የሕይወቷንም ታሪክ ጽፋ ትታለች።

በሚያዝያ 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ቤልግሬድን ደበደቡ፤ አገሩም በዚያው ወር ተያዘ። ፓሪስ ደግሞ ከዚያ አስቀድማ ተይዛ ነበር። ናታልያ በዚያች በተያዘች ከተማ አጠገብ በሳን ደኒ ግንቦት 8 ቀን 1941 ሞተች፤ 82 ዓመት ሊሞላት አንድ ሳምንት ቀርቷት ነበር። ከፓሪስ በስተ ደቡብ ላርዲ በምትባል ትንሽ ከተማ ቀበሯት። ባልዋ ሚላን የተቀበረው በክሩሼዶል ገዳም ነው፤ ያ ገዳም ዛሬ በሰርቢያ ውስጥ ቢሆንም በሞተ ጊዜ የነምሳ ግዛት ነበር፤ በልጁ አገር መቀበርን አልፈለገምና። እስክንድርና ድራጋ በቤልግሬድ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በአንድነት አርፈዋል።

ያ ወዳጄ በፋሲካ ማግሥት ወደ ቤቴ መጥቶ የልጁን አድራሻ ከአንድ ዘመዱ እንዳገኘ ነገረኝ። ደብዳቤውን እንድጽፍለት ለመነኝ፤ እኔም ራሱ እንዲጽፍ ነገርሁት፤ ወረቀትና ብዕር ግን ሰጠሁት። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ሲነሣ የጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።